ለዘንዶው አንድ ማንኪያ ማር

ቴፒ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ሆኜ ስኖር ከመቀሴ ይልቅ በአፌ ነው የታወቅሁት። ደንበኛ ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ የያዝኩትን ወሬ በልኩ አልሰጠውም። ጫካ ውስጥ የታየችውን ጦጣ ጎሪላ አደርጋታለሁ። ትናንት የጣለውን ዝናብ ዓሣ ይዞ ወረደ እላለሁ። የአንዱን ጎረምሳ ጎፈሬ ሳበጥር ማበጠሪያዬ ጠፍቶብኝ፣ በወሩ ተመልሶ ሲመጣ እዚያው ጎፈሬው ውስጥ አገኘሁት ብዬ ምዬ ተናግሬያለሁ። ሰውም ያውቀኛል። ከምለው ላይ ግማሹን ቀንሶ፣ ከቀረው ላይ ደግሞ ትንሽ አራግፎ ነው የሚወስደው። በዚህ ተስማምተን እንኖር ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ምንም ሳይቀንሱ ሙሉውን አመኑኝ። እሱ ነው ጉድ የሠራኝ።

ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ውሃ መጠጣት አበዛች። ቴፒ ሙቀት ስለሆነ ልጅ ውሃ ቢጠጣ ማንንም አይገርምም። እሷ ግን በኩባያ ጀምራ በጆግ ቀጠለች። እኔም ወንበሬ ላይ ለተቀመጠው ሁሉ፣ “ልጄ ወንዙን ልትጨርሰው ነው፤ ከታች ያሉት ውሃ ቢያጡ እኔን እንዳይከሱኝ” እያልኩ አስቅ ነበር። ቀጥሎ ልብሷ ይሰፋት ጀመር። አልጋ ማርጠብ ከተወች ሁለት ዓመት ሆኗት እንደገና አረጠበች። ጓሮ በሸናችበት ቦታ ጉንዳን ተሰልፎ ሲመጣ ያየችው እናቷ ናት። ያየችውን ስትነግረኝ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምቀልደው ነገር አጣሁ። ሚዛን ከተማ ሐኪም ቤት ስንደርስ ልጄ ራሷን አታውቅም ነበር።

ከብዙ ቀን በኋላ ተሽሏት ስንወጣ ሲስተሯ ሁለታችንን አስቀምጣ አስረዳችን። ስኳር በሽታ ነው። መርፌው ጠዋትና ማታ ነው፤ ዕድሜ ልኳን ነው። ተወግታ ሳትበላ እንዳትተኛ። ከረሜላና ለስላሳ እንደ ልብ አይሰጣት። መጨረሻ ላይ፣ እኔ “ዕድሜ ልኳን” የሚለው ቃል ላይ ቆሜ በቀረሁበት ሰዓት፣ አንድ ነገር ጨመረች።

“ላብ በላብ ከሆነች፣ እጇ ከተንቀጠቀጠ፣ ወሬዋ ከተምታታ ስኳሯ ከልክ በታች ወርዷል ማለት ነው። ያኔ የሚጣፍጥ ነገር ቶሎ ስጧት። ስኳር በውሃ፣ ማር፣ ያገኛችሁትን። ከዘገያችሁ ራሷን ትስታለች፤ ከዚያ በኋላ…” አለችና ልጄን አየት አድርጋ ተወችው።

ያ ያላለቀ ንግግር ከእኛ ጋር መኪና ተሳፍሮ ቴፒ ገባ።

ቤት እንደደረስን አንድ ቆርቆሮ ስኳር ሞልቼ ከራዲዮኑ አጠገብ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። መድኃኒቱን ደግሞ እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ቀበርነው፤ ያኔ ፍሪጅ የነበረው ማን ነው። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ። የተበላሸው ለሰፈሩ ስናገር ነው። ፍርሃት ሲይዘኝ አፌ ይበልጥ ይለቅብኛል። “አንድ ከረሜላ” አልኩ ፀጉር ቤቱ ውስጥ፤ “አንዲት ብቻ። ከዋጠቻት በማግስቱ ድንኳን ተከልን ማለት ነው።” ስኳር ለእሷ የአይጥ መርዝ ነው አልኩ። የማር ሽታ እንኳ ዓይኗን ያጠፋዋል አልኩ፤ ይህን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። የሲስተሯን የመጨረሻ ምክር ግን ለማንም አልነገርኩም። ሁለቱ አብረው ሲነገሩ ወሬው ኃይል ያጣብኛል።

ሰፈሩ ልጄን ይወዳት ነበርና አመነኝ። ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ከጅማ በኩል የመጣ ነጋዴ የከረሜላውን ዕቃ ከባንኮኒው ላይ አንሥቶ ጣራ ሥር ሰቀለው። ይህ ሰው ቁም ነገረኛ ነው፤ የሰጠውን ቃል አያጥፍም። እኔ ግን አላረፍኩም። አንድ ቀን ራሴ ሄጄ፣ “ዛሬ ተሽሏታል፤ አልቅሳ አስቸገረችኝ፣ አንዲት ከረሜላ ስጠኝ” ብዬ ፈተንኩት። ዓይኑን ሳያሽ፣ “ለእሷ ከሆነ ከዚህ ሱቅ አይወጣም” አለኝ። ትከሻውን መታ መታ አደረግሁና “አለፍክ” አልኩት። “እኔ ራሴ ተንበርክኬ ባለቅስ እንኳ እንዳትሰጠኝ” ብዬም ጨመርኩ።

አጥር የሚጋሩን ጎረቤታችን ደግሞ የማር ነጋዴ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ጫካ ውስጥ ረጃጅም ዛፍ ላይ ከሚሰቀለው ቀፎ የሚወርደውን ማር ከገበሬው ተቀብለው ይሸጣሉ። ባላቸውም ቀፎ አውራጅ ነበሩ፤ የሞቱትም ከዛፍ ወድቀው ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልጄን የሚጠብቁልኝ እሳቸው ስለነበሩ፣ ቤታቸው ደግሞ ሙሉ ማር ስለሆነ፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ አልበቃኝም።

“ይማሉልኝ” አልኳቸው።

“በማን?”

“በባልዎ።”

ነጠላቸውን ሰብስበው ቀና አሉ። በባላቸው ስም ቀልደው አያውቁም። በመጨረሻ፣ “የባሌ አጥንት ይፋረደኝ፣ ማር በእጄ አልሰጣትም። አንተም ብትለምነኝ አልሰጥህም” አሉ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ልጄን በብረት ያጠርኳት መሰለኝ።

ዘንዶው የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ልጄ ማታ ከተወጋች በኋላ እራት መብላት፣ ልትተኛ ስትል ደግሞ ትንሽ መቅመስ ነበረባት። እሷ ግን ከረሜላ የከለከላትን ዓለም ሁሉ አኩርፋለች። ዳቦ ሳቀርብላት አፏን ትገጥማለች። ስለዚህ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ትንሹን ዘንዶ ፈጠርኩላት። ሸኮ ጫካ ውስጥ ዋሻ ውስጥ ይኖራል፤ ገና ጥርስ እያወጣ ነው። ሆዱ ውስጥ እንደ ክብሪት ያለች ትንሽ እሳት አለችው። ጣፋጭ ካበዛ እሳቷ ትንቦገቦግና ጉሮሮውን ትለበልበዋለች። ጣፋጭ ካጣ ደግሞ ትኮሰምናለች፤ ግንባሩን ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የሚናገረው ይምታታበታል። ስለዚህ ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት በልኩ የሚጣፍጥ ነገር ፍለጋ ይወጣል። አንድ ቀን የቀላ ቡና እየመጠጠ ፍሬውን ይተፋል። አንድ ቀን አናናስ አፍንጫውን ይወጋዋል። አንድ ቀን ከጉሬዛ ጋር በሙዝ ይከራከራል። እያንዳንዱ ጉርሻው ላይ እኔ አቆማለሁ፣ እሷም ትጎርሳለች።

ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር።

“አባዬ፣ ቢያጣስ?”

“አያጣም።”

“ቢያጣስ ግን?”

“ንቦቹ ያውቁታል፤ ይሰጡታል።”

“ተኝተው ከሆነስ?”

“ንብ እንቅልፍ የላትም። ዓይኗን ገልጣ ነው የምታንኮራፋው።”

ትስቅና ትተኛለች። እኔ ግን ሳቄን አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቼ ነው የምነሣው። ፋኖሱን ካጠፋሁ በኋላ ወለል ላይ ባነጠፍኩት ፍራሽ ተኝቼ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። በየሰዓቱ ተነሥቼ አንገቷን እዳስሳለሁ፤ ደረቅ ከሆነ እጋደማለሁ። እናቷ፣ “አንገቷን በመዳሰስ ልትልጠው ነው” ትለኝ ነበር። ለአንድ ጊዜ እንኳ የእኔን ያህል አጋነነች።

ያን ቀን እናቷ መድኃኒት ለማምጣት ጠዋት ሚዛን ሄደች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትመለሳለች ተብላ አሥራ ሁለት ሆነ። ዝናቡ ከእኩለ ቀን ጀምሮ አላባራም። አንድ ሾፌር፣ ሸኮ ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶታል አለኝ። ስልኩ ኔትዎርክ የለውም። መብራት ከሄደ ሁለት ቀኑ ነው። መርፌውን ብዙ ጊዜ የምትወጋት እናቷ ነበረች፤ ያን ማታ እኔ ወጋኋት። ሰው አንገት ሥር ምላጭ ይዤ እየቀለድኩ የምኖር ሰው ያቺን ቀጭን መርፌ ሁለት ጊዜ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኳት።

እራት አቀረብኩ። ሁለቴ ጎረሰችና፣ “እማዬ ስትመጣ” ብላ ገፋችው። ለመንኳት። ተቆጣኋት። አንድ ጉርሻ በግድ አስዋጥኳትና እሱንም መለሰችው። መድኃኒቱ ግን ገብቷል፤ የገባ መድኃኒት አይመለስም። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይሆናል፣ ጭንቀቴን ዋጥ አድርጌ ዘንዶውን ከዋሻው አወጣሁት።

“ዛሬ የት የሄደ ይመስልሻል?” አልኳት።

“ጫማው ውስጥ” አለች።

“የማን ጫማ ውስጥ?”

ዓይኗን ከእኔ ወደ ጣራው አዞረች። ከዚያ ያለ ምንም ምክንያት ሳቀች። እጇን ያዝኩት፤ እንደ እርጥብ ሳሙና አሟለጨኝ። ፋኖሱን ሳስጠጋ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

ወደ መደርደሪያው ዘለልኩ። ራዲዮኑ አለ። ቆርቆሮው የለም።

አልጋ ሥር አየሁ፣ ጓዳ አየሁ፣ ራዲዮኑን አንሥቼ ሥሩን አየሁ፤ እንደዚያ ያለ ቆርቆሮ ራዲዮን ሥር የሚገባ ይመስል። በአጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ እትዬን ጠራሁ።

“እትዬ፣ መደርደሪያ ላይ የነበረውን ቆርቆሮ አይተዋል?”

“አውጥቼዋለሁ” አሉ ከበራቸው ሆነው። ድምፃቸው እንደ ባለውለታ ነው። “ቀን ልጅቷን ምሳ ላበላ ገብቼ አየሁት። መርዙን አፍንጫዋ ሥር አስቀምጣችሁ እንዴት ታድራላችሁ? ላይ ሰፈር ላለው ለቅሶ ቤት ሰጠሁት፤ ለሻይ ሆኗቸዋል።”

ሙዝስ አትሉኝም? ቴፒ ውስጥ ሙዝ ታጣ ቢሏችሁ ማን ያምናል። እኔ ግን ከሐኪም ቤት በተመለስን ሳምንት የበሰለውን ሁሉ ቆርጬ ለሰፈር አድያለሁ። ጓሮ የቀረው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጥሬ ነው። እትዬን ማር ለመጠየቅ አፌን ስከፍት መሐላው ትዝ አለኝና ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ሱቁ ቅርብ ነው፤ ያኔ ግን እስከ ሚዛን የሚያህል መንገድ ሆነብኝ። ልጄን ብቻዋን ትቻታለሁ።

ሱቁ ተዘግቷል። ሰውዬው ግን እዚያው ነው የሚያድረው። መዝጊያውን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

“ከረሜላ” አልኩ። “ለስላሳም ካለህ። ያለህን ሁሉ።”

ሳቁ ከውስጥ ተሰማኝ። “በዝናብም ትፈትናለህ?”

“ፈተና አይደለም። የልጄ ስኳር ወርዷል።”

“ወረደ? ከወረደ ደግ ነው እንጂ። የሚወርድበትን ቀን ስንለምን አልነበር?”

“ወንድሜ፣ እየቀለድኩ አይደለም።”

“ባለፈውም እንደዚሁ ነበር ያልከኝ” አለ በመስኮቱ ቀዳዳ እያየኝ። “ዛሬ በደንብ ተለማምደህ ነው የመጣኸው፤ እንባም ጨምረሃል።”

“ዝናብ ነው” አልኩት። ግማሹ ዝናብ ነበር።

“ተንበርክኬ ባለቅስ እንኳ እንዳትሰጠኝ ያልከኝ አንተ ነህ። ቃል ቃል ነው። ደህና እደር።”

መስኮቱን ዘጋው። በሕይወቴ እንደዚያ ሰው ታማኝነት የጠላሁት ነገር የለም።

ስመለስ ልጄ ጣራውን እያየች፣ “ንቦቹ ተኝተዋል” ትላለች። ሌላ ቃል የላትም። በጋቢ ጠቅልዬ አነሣኋትና በአጥሩ ክፍተት እትዬ ቤት ገባሁ።

“እትዬ፣ ማር።”

“አንተ ልጅ፣ አስምለኸኛል።”

“መሐላውን አንሥቼልዎታለሁ።”

“በአንተ አልማልኩም። በእሱ ነው የማልኩት፤ እሱ ያንሣልኝ” አሉ። ይህን ያሉት ግን ፋኖሱን እያነሡ ነበር። ብርሃኑ የልጄ ፊት ላይ ሲያርፍ ጠጋ አሉ። በነጠላቸው ጫፍ ግንባሯን ጠረጉት፤ ወዲያው ደግሞ ላብ ችፍ አለበት። እጇን ያዙት። እጇ እጃቸው ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

“ንቦቹ ተኝተዋል” አለች ልጄ።

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። “ትናንት እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የዘንዶውን ነገር ስታጫውተኝ ነበር” አሉ። “እሳቱ ሊጠፋ ሲል ግንባሩን ያልበዋል፣ እጁ እንዲህ እንዲህ ይላል፣ ወሬው ይምታታበታል ብላ እየተንቀጠቀጠች አሳየችኝ። አንተ የፈጠርከው ተረት ነው ብዬ ስስቅባት ነበር።”

“ተረት ነው። ይሄኛው ግን እውነት ነው፤ ሲስተሯ ናት የነገረችኝ።”

“ታዲያ ዘንዶው ያኔ ምን ይበላል?”

“የሚጣፍጥ ነገር። ቶሎ።”

“ካጣስ?”

ልጄን ወደ ደረቴ አስጠጋኋት። ለልጄ የምሰጠው መልስ ለእሳቸው አይሆንም፤ ሌላኛውን መልስ ደግሞ ሲስተሯም አልጨረሰችውም።

እትዬ ፋኖሱን ጥግ ከተቀመጠው ትልቅ እንስራ አጠገብ አኖሩት። አፉ ላይ የታሰረውን የኮባ ቅጠል ፈትተው አነሡት። ከዚያ ዞረው ግድግዳውን እያዩ ቆሙ።

“በእጄ አልሰጥም ብያለሁ፤ አልሰጥምም” አሉ። “ሌባ ከገባ ግን እኔ አሮጊት ምን አቅም አለኝ።” ጥቂት ቆይተው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ባሌም ከንብ ሰርቆ ነው የኖረው። ይገባዋል” አሉ።

እጄን እስከ አንጓዬ እንስራው ውስጥ ነከርኩ። ማሩን በጣቴ ድዷ ላይ፣ ጉንጯ ውስጥ ቀባሁት። ጥርሷን ገጥማ ነበር፤ በጎን በኩል አስገባሁላት። ጥቂት ትውጣለች፣ ጥቂት በአገጯ ይወርዳል። እንደገና ነከርኩ። እትዬ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ “ዋጠች?” ይላሉ። “ትንሽ” እላለሁ። ዝናቡ የጣራውን ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። “አሁንስ?” ይላሉ። ያ ጥበቃ አንድ ዓመት ፈጀ ብል የሚቀንስልኝ ሰው አይኖርም ብዬ አምናለሁ፤ በሰዓት ግን ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ የዋሸሁትን ሁሉ፣ ዓሣውን፣ ጎሪላውን፣ ማበጠሪያውን፣ አንድ በአንድ ለእግዚአብሔር መለስኩለት። ከእንግዲህ የማወራው ሁሉ በሜትር የተለካ ይሆናል ብዬም ተሳልኩ።

መጀመሪያ ምላሷ ተንቀሳቀሰ። ጣቴን ላሰችው። ከዚያ ፊቷን አጨማደደች።

“አባዬ” አለች፣ “እጅህ ፀጉር ፀጉር ይላል።”

እትዬ ግድግዳው ላይ ግንባራቸውን አስደገፉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልጠየቅሁም። ቀጥለው እሳት ዳር የነበረውን ትኩስ ጎደሬ ልጠው በእጃቸው አጎረሷት፤ ስለ ጎደሬ አልማሉም።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ባለሱቁ ነው፤ ዣንጥላ ይዟል፣ ብብቱ ሥር የከረሜላውን ዕቃ እንዳለ ታቅፎታል።

“መተኛት አቃተኝ” አለ። “ፈተና ከሆነ ወደቅሁ። ውሰደው።”

ባለቤቴ ቡና በጫነ መኪና ላይ ተሳፍራ አራት ሰዓት ላይ ስትደርስ ያገኘችው ይህንን ነው። ልጇ የጎረቤት አልጋ ላይ አገጯ ማር ሆኖ ተኝታለች፤ ባለሱቁ ከረሜላ ታቅፎ በርጩማ ላይ ያንጎላጃል፤ ባሏ እጁ እስከ አንጓው ማር ነው። ማንንም ሳትጠይቅ መጀመሪያ የልጇን አንገት ዳሰሰች። ከዚያ ሁሉን ነገርኳት፤ ሳልጨምር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ “ከነገ ጀምሮ ለሰው የምትነግረውን መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ” አለች። “እኔ ቀንሼ እሰጥሃለሁ።”

በማግስቱ ፀጉር ቤት ቆሜ ሁለተኛውን ግማሽ ልናገር ሞከርኩ። ስኳሯ ሲወርድ ስኳር ነው መድኃኒቷ አልኩ። ደንበኞቼ በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። “ትናንት መርዝ ነበር፣ ዛሬ መድኃኒት ሆነ” አለ ወንበሩ ላይ ያለው፣ “ነገ ደግሞ ከሚዛን በሄሊኮፕተር ይመጣል በለን።” ስእለቴ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ብቻ ነው የቆየው። መቀሴን አስቀመጥኩና፣ “እሺ፣ ተውት። ሸኮ ጫካ ውስጥ አንድ ትንሽ ዘንዶ አለ” ብዬ ጀመርኩ። ይህን ግን ሁሉም አዳመጡ። እትዬም በበኩላቸው ለማር ደንበኞቻቸው አወሩት። ወሩ ሳያልቅ ባለሱቁ የከረሜላውን ዕቃ ወደ ባንኮኒው መለሰው። ልጄ በምታልፍበት ቤት ሁሉ ደግሞ ለዘንዶው ተብላ የተቀመጠች ትንሽ ጣፋጭ ነገር ነበረች፤ በትምህርት ቤቷ መምህርት መሳቢያ ውስጥ ሳይቀር።

ልጄ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ራሷን ትወጋለች፣ ከእኔ የተሻለ ታውቃለች፣ ስጨነቅ ትስቅብኛለች። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። እንደምን ዋልሽ አልላትም፣ ስለ ፈተናዋም አልጠይቃትም።

“ዘንዶው በላ?” እላታለሁ።

“በልቷል፣ አባዬ። ተኛ አሁን።”

ኔትዎርክ ያለ ቀን እንደዚህ ነው። በሌለ ቀን ግን ተነሥቼ በጨለማ ወደ መደርደሪያው እሄዳለሁ። ከራዲዮኑ አጠገብ ያለውን ቆርቆሮ አንሥቼ እነቀንቀዋለሁ፤ ውስጡ ሲንኮሻኮሽ ሰምቼ እመልሰዋለሁ። እሷ እዚህ እንደሌለች አውቃለሁ። ባለቤቴ አልጋ ውስጥ ሆና፣ “አለ?” ትለኛለች።

“ሙሉ ነው” እላታለሁ። እሱን እንኳ አላጋንነውም።